ተቃዋሚ የምክር ቤት አባላት አስቸኳይ ጉዳይ የሚያነሡበት መንገድ፦ አርባ ሰው ሲቆም የሚከፈት በርና አንድ ሦስተኛ የሚጠየቅበት በር

ጥያቄ
*የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ደሴ*

ሰላም ለዚህ መድረክ ተሳታፊዎች። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ባለፈው ሳምንት ከተማሪዎቼ ጋር የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 55 ስናነብ ንዑስ አንቀጽ 18 ላይ ደረስን። ድንጋጌው ከሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አባላት አንድ ሦስተኛው ሲጠይቁ ምክር ቤቱ ለአስፈጻሚው አካል በተሰጠ ማናቸውም ሥልጣን ላይ እንደሚወያይና አስፈላጊ መስሎ የታየውን እርምጃ ሊወስድ እንደሚችል ይናገራል። ይህን አስረድቼ ወደሚቀጥለው ልሻገር ስል አንዲት ተማሪ እጇን አውጥታ፣ «አምስት ወንበር ብቻ ያለው ፓርቲ የመረጠው ሕዝብ ዛሬ አደጋ ቢደርስበት፣ እነዚያ አምስት ሰዎች የምክር ቤቱን የዕለት አጀንዳ አስቁመው ስለዚያ ጉዳይ ማስወያየት ይችላሉ ወይስ አንድ ሦስተኛ እስኪሞላ መጠበቅ አለባቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። የሰጠኋት መልስ ለራሴም አላረካኝም።

ከዚያ በኋላ ባነበብሁት መሠረት በእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት አርባ አባላት ከመቀመጫቸው ተነሥተው ከቆሙ አስቸኳይ ክርክር እንደሚፈቀድ ተረዳሁ። 650 አባላት ባሉት ምክር ቤት አርባ ሰው በጣም ትንሽ ቁጥር ነው። ስለዚህ የማውቃችሁም ሆነ የማላውቃችሁ ወገኖች እንድታስረዱኝ የምለምነው ይህን ነው። ይህ አሠራር በተግባር እንዴት ይሄዳል? ድምፅ የማሸነፍ ተስፋ የሌላቸው ተቃዋሚዎችስ አስቸኳይ የውሳኔ ሐሳብ በማቅረባቸው በእርግጥ የሚያገኙት ነገር አለ? በጥያቄና በውሳኔ ሐሳብ መካከል ያለውን ልዩነት ጭምር ብታብራሩልኝ ለክፍሌ ትልቅ እገዛ ይሆናል።

መልስ 1
*የለንደን ነዋሪ*

ውድ መምህር፣ ተማሪዎ የጠየቀችው ጥያቄ የፓርላማ ሥርዓት ዋና ጥያቄ ስለሆነ ምስጋናዬን አድርሱልኝ። ብዙ ዓመት የዌስትሚንስተርን፣ ማለትም የእንግሊዝን ፓርላማ፣ ስብሰባ በትጋት ከሚከታተሉት አንዱ ነኝና የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍ።

በመጀመሪያ መታወቅ ያለበት የእንግሊዝ የታችኛው ምክር ቤት ጊዜ በመሠረቱ የመንግሥት መሆኑ ነው። የምክር ቤቱ ቋሚ ደንብ ቁጥር 14 የመንግሥት ሥራ በየስብሰባው ቅድሚያ እንዳለው በግልጽ ያስቀምጣል፤ ለተቃዋሚዎች በአንድ የሥራ ዘመን የሚሰጣቸው 20 ቀን ሲሆን፣ ቀኖቹ መቼ እንደሚውሉ የሚወስነውም መንግሥት ነው። ስለዚህ ዛሬ ጠዋት ለደረሰ አደጋ የተቃዋሚዎች ቀን አይደርስም። ቋሚ ደንብ ቁጥር 24 የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ አባል፣ ተቃዋሚም ሆነ የገዢው ፓርቲ፣ በስብሰባው ዕለት አስቀድሞ ለአፈ ጉባኤው በጽሑፍ ያመለክታል። አፈ ጉባኤው ከተቀበለው አባሉ በሙሉ ጉባኤ ፊት ቆሞ ጉዳዩ ለምን አስቸኳይ እንደሆነ ቢበዛ በሦስት ደቂቃ ያስረዳል። ከዚያ አፈ ጉባኤው ጉዳዩ ለክርክር የሚገባ መሆን አለመሆኑን ይናገራል፤ ምክንያቱን ግን አይዘረዝርም። ይገባል ካለ ለጉባኤው ፈቃድ ያቀርበዋል። የሚቃወም ከሌለ ያልፋል። የሚቃወም ካለ ደጋፊዎች ከመቀመጫቸው ይነሣሉ፤ የቆሙት 40 ከሞሉ ፈቃዱ ተገኘ ማለት ነው፣ ከ40 ያነሱ ሆነው 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆኑ ደግሞ ጉዳዩ በድምፅ ይወሰናል። ክርክሩ ብዙውን ጊዜ በማግስቱ ይካሄዳል፣ እስከ ሦስት ሰዓትም ሊቆይ ይችላል።

አሁን «ምን ያገኙበታል?» ወደሚለው ልግባ። የክርክሩ ርእስ የሚቀርበው አብዛኛውን ጊዜ «ይህ ምክር ቤት ስለዚህ ጉዳይ ተመልክቷል» በሚል ገለልተኛ አነጋገር ነው። እንዲህ ያለ ውሳኔ ሐሳብ ቢያልፍም መንግሥትን ምንም አያስገድደውም። በሚያዝያ 2018 እ.ኤ.አ. መንግሥት የምክር ቤቱን ፈቃድ ሳይጠይቅ በሶርያ ላይ የአየር ጥቃት በፈጸመ ጊዜ የተቃዋሚዎች መሪ ጄረሚ ኮርቢን በዚሁ ደንብ አስቸኳይ ክርክር አስፈቅደው ነበር። ክርክሩ ሲያበቃ ደጋፊዎቻቸው ራሳቸው ያቀረቡትን ሐሳብ እንዲቃወሙ ጠየቁ፤ «ተመልክተነዋል» የሚለውን መቃወም «በሚገባ አልተመለከትነውም» ማለት ስለሚሆን ቅሬታን የሚገልጽ ሌላ መንገድ አልነበራቸውም። ክርክሩን ግን ማንም አላስቀረባቸውም፤ መንግሥትም ስለ ጦር ኃይል አጠቃቀም ያለውን አቋም በጉባኤ ፊት ቆሞ መከላከል ግድ ሆነበት። እኔ ይህን ትልቅ ነገር እለዋለሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ምሳሌ ግን መስከረም 3 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. የሆነው ነው። ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፓርላማውን ለሳምንታት ሊዘጉ ተነሥተው ነበር። አገሪቱ ያለ ስምምነት ከአውሮፓ ኅብረት ልትወጣ የምትችልበት ቀን ጥቅምት 31 ነበረ። ሊዘጋ ጥቂት ቀን በቀረው ምክር ቤት ውስጥ ከቋሚ ደንብ ቁጥር 24 በቀር የቀረ በር አልነበረም። ኦሊቨር ሌትዊን ሐሳቡን አቀረቡ፤ ሐሳቡም የተለመደው «ተመልክቷል» ሳይሆን በማግስቱ የምክር ቤቱን አጀንዳ ከመንግሥት እጅ የሚወስድ ነበር። አፈ ጉባኤ ጆን በርካው ፈቀዱት። በዚህ ውሳኔያቸው እስከ ዛሬ የሚወቅሷቸው አሉ፣ የሚያመሰግኗቸውም አሉ። ሐሳቡ 328 ለ301 በሆነ ድምፅ አለፈ። በማግስቱ የተቃዋሚው የሌበር ፓርቲ አባል ሂላሪ ቤን ያቀረቡት ረቂቅ ሕግ በታችኛው ምክር ቤት አለፈ፣ በመስከረም 9 ቀንም ሕግ ሆኖ ጸደቀ። ሕጉ ጠቅላይ ሚኒስትሩ የመውጫው ቀን እንዲራዘም ለአውሮፓ ኅብረት እንዲጽፉ አስገደዳቸው፤ ጥቅምት 19 ቀን ያለ ፊርማ የላኩት ደብዳቤ ከዚያ የመጣ ነው። በሦስት ደቂቃ ንግግር የተጀመረ ነገር አንድን መንግሥት ከያዘው መንገድ አስወጣው።

የጥያቄና የውሳኔ ሐሳብን ልዩነት ጠይቀዋል። አስቸኳይ ጥያቄ ከዚህ የተለየና ይበልጥ የተለመደ መሣሪያ ነው። አንድ አባል ጠዋት ያመለክታል፣ አፈ ጉባኤው ከፈቀደ ጉዳዩ የሚመለከተው ሚኒስትር በዚያው ዕለት ወደ ጉባኤው መጥቶ መልስ ይሰጣል፣ ሌሎች አባላትም ተከታታይ ጥያቄ ያቀርቡለታል። የድጋፍ ቁጥር አይጠየቅም፤ በመጨረሻም ድምፅ አይሰጥም። በርካው በሰኔ 2009 እ.ኤ.አ. ከመመረጣቸው በፊት በነበሩት አሥራ ሁለት ወራት የተፈቀዱት አስቸኳይ ጥያቄዎች ሁለት ብቻ ነበሩ፤ እርሳቸው ግን በአሥር ዓመት ውስጥ ከስድስት መቶ በላይ ፈቀዱ። ይህ ሁሉ ለውጥ የመጣው የደንቡ ቃል ሳይቀየር መሆኑን ለተማሪዎችዎ ይንገሩልኝ።

መልስ 2
*የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ*

የለንደኑ ወንድማችን የጻፉትን በአድናቆት አንብቤዋለሁ፤ ነገር ግን በዋናው ምሳሌ ላይ አንድ ማረሚያ ሳላደርግ ማለፍ አልችልም። ኦሊቨር ሌትዊን ተቃዋሚ አልነበሩም። የገዢው የወግ አጥባቂ ፓርቲ አባል ነበሩ። በዚያ ምሽት 21 የወግ አጥባቂ አባላት ከተቃዋሚዎች ጋር ድምፅ ስለሰጡ ነው ሐሳቡ ያለፈው፤ ኬኔት ክላርክን፣ ፊሊፕ ሃመንድንና የዊንስተን ቸርችልን የልጅ ልጅ ኒኮላስ ሶምስን ጨምሮ ሁሉም በዚያው ምክንያት ከፓርላማ ቡድናቸው ተባረዋል። ስለዚህ አርባ ሰው በሩን ከፈተው እንጂ ቤቱን ያሸነፈው ከገዢው ፓርቲ ውስጥ የወጣ ድምፅ ነው። ይህን ሳናስተውል ደንብ ቁጥር 24ን እንደ ተአምር ብናቀርበው ተማሪዎቹን እናሳስታቸዋለን።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. ምርጫ ቅንጅት 109፣ ኅብረት 52፣ የኦሮሞ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ንቅናቄ 11 ወንበር እንዳገኙ ይታወቃል፤ ድምሩ 172 ነው። ምክር ቤቱ 547 ወንበር ስላለው አንድ ሦስተኛው 183 ይሆናል። ሦስቱ ሁሉም ገብተው፣ ሁሉም በአንድ ቃል ቢጠይቁ እንኳ አሥራ አንድ ሰው ይጎድላቸው ነበር። በታሪካችን ተቃዋሚዎች ብዙ ወንበር ያገኙበት ምክር ቤት ያ ሆኖ ሳለ ማለት ነው። በዚያው ዓመት ተሰናባቹ ምክር ቤት የአሠራር ደንቡን ለውጦ አጀንዳ ለማስያዝ ከግማሽ በላይ ድጋፍ እንዲያስፈልግ ማድረጉንም የምናስታውስ እናስታውሳለን፤ ኋላ ላይ ደንቡ ተሻሽሏል። በ2002 ዓ.ም. ምርጫ ደግሞ ከተቃዋሚ ፓርቲዎች የገቡት አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻ ነበሩ፣ ከእርሳቸው ሌላ አንድ የግል ተወዳዳሪ አለ። በ2007 ዓ.ም. አንድም አልነበረም። በሰኔ 2013 ዓ.ም. በተካሄደው ድምፅ አሰጣጥ ብልጽግና 410 ወንበር ሲያገኝ አብን 5፣ ኢዜማ 4 አገኙ። የተማሪዋ «አምስት ወንበር» ምሳሌ እንግዲህ ከሐሳብ የመጣ አይደለም።

ይሁን እንጂ መምህሩ ለተማሪያቸው የሰጡት መልስ ያልተሟላው በቁጥሩ ምክንያት አይመስለኝም። አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 18ን እንደገና ቀስ ብለን እናንብበው። ድንጋጌው የሚለው አንድ ሦስተኛው ከጠየቁ ምክር ቤቱ ይወያያል ነው። ይህ ምክር ቤቱ እንዲወያይ የሚገደድበትን ነጥብ ይወስናል፤ ከዚያ ባነሰ ቁጥር ጥያቄ መወያየትን ግን አይከለክልም። ሕገ መንግሥቱ ያስቀመጠው ወለል ነው እንጂ ጣሪያ አይደለም። ከዚህም ሌላ የአንድ ሦስተኛው ጥያቄ እርምጃ እስከ መውሰድ የሚያደርስ ከባድ ሥልጣን ያያዘ ነው። ውጤቱ ከባድ ለሆነ ነገር ከፍ ያለ ቁጥር መጠየቁ ትክክል ነው እላለሁ። ውሳኔ የማይሰጥበት፣ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ብቻ የሚካሄድ አስቸኳይ ውይይት ግን በአሥር ወይም በሃያ አባላት ጥያቄ እንዲፈቀድ ምክር ቤቱ በአሠራር ደንቡ ቢደነግግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚጋጭበት ምንም ምክንያት አይታየኝም። አንቀጽ 59 ምክር ቤቱ ስለ አሠራሩ ደንብ እንዲያወጣ ሥልጣን ሰጥቶታል። እንግዲህ የተማሪዋ ጥያቄ ትክክለኛ አድራሻ የምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ነው።

እግረ መንገዴን አንድ የቃል ግራ መጋባት ላንሣ። በእኛ አገር «አስቸኳይ» የሚለው ቃል በብዛት የሚሰማው «አስቸኳይ ስብሰባ» በሚለው ነው። ያ ሌላ ነገር ነው። በአንቀጽ 58 መሠረት ምክር ቤቱ በእረፍት ላይ ሳለ አፈ ጉባኤው ስብሰባ ሊጠራ ይችላል፤ ከግማሽ በላይ የሆኑ አባላት ከጠየቁ ደግሞ የመጥራት ግዴታ አለበት። በአብዛኛው የምናየው ግን አስፈጻሚው ለሚፈልገው አዋጅ የሚጠራ አስቸኳይ ስብሰባን ነው። ተቃዋሚ አባል በመደበኛ ስብሰባ ላይ የሚያነሣው አስቸኳይ ጉዳይ ከዚህ ጋር ሊምታታ አይገባም።

መልስ 3
*ሕንድ አገር የተማርሁ*

ሁለቱም መልሶች ስለ ቁጥር ብዙ ስለተናገሩ እኔ ስለ በር ጠባቂው ልናገር። በ2023 እ.ኤ.አ. ክረምት ዴልሂ ተማሪ ነበርሁ። በማኒፑር ክልል ግጭት የተነሣው በግንቦት 3 ቀን ነው። ፓርላማው ለክረምቱ ጉባኤ የተከፈተው ሐምሌ 20 ቀን ሲሆን፣ በዋዜማው ሁለት ሴቶች በሕዝብ ፊት ሲዋረዱ የሚያሳይ ቪዲዮ ወጥቶ አገሩ ሁሉ ታምሞ ነበር። የማደሪያችን ተማሪዎች በሙሉ ቴሌቪዥን ፊት ተሰብስበን ተቃዋሚዎቹ ምን ያደርጋሉ ብለን ስንጠብቅ አስታውሳለሁ።

በላይኛው ምክር ቤት በራጅያ ሳብሃ፣ ደንብ ቁጥር 267 የሚባል አለ። የዕለቱ ሥራ ሁሉ ተቋርጦ ስለ አንድ ጉዳይ ብቻ እንዲነጋገሩ ያስችላል፤ የሚፈቅደው ግን ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢው የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሲሆን በዚያን ጊዜ ጃግዲፕ ዳንካር ነበሩ። ተቃዋሚዎች በየማለዳው በዚህ ደንብ ማመልከቻ ያስገቡ ነበር፤ በየቀኑም ውድቅ ይሆንባቸው ነበር። መንግሥት በበኩሉ «በደንብ ቁጥር 176 እንወያይ» አለ። ያ አጭር ውይይት ነው፤ የቀረውን የዕለቱን ሥራ አያቋርጥም፣ ድምፅም አይሰጥበትም። ለውጭ ሰው በቁጥር 267ና በ176 መካከል ያለው ጠብ የቃላት ጠብ ሊመስለው ይችላል። ለእነርሱ ግን ጥያቄው አንድ ክልል ሲቃጠል ምክር ቤቱ ሌላ ሥራውን እየሠራ በመካከል ያስታውሰው ወይስ ሥራውን ሁሉ አቁሞ ይመልከተው የሚል ነበር። ቀደም ሲል ደንብ ቁጥር 267 የተፈቀደው በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. መንግሥት ትልልቅ የገንዘብ ኖቶችን ከዝውውር ባወጣ ጊዜ ነበር። ከዚያ ወዲህ በሩ ተዘግቶ ነበር የቆየው።

በታችኛው ምክር ቤት በሎክ ሳብሃ ደግሞ ተቃዋሚዎች ሌላ መንገድ አገኙ። የመተማመኛ ድምፅ መንፈግ ሐሳብ የ50 አባላት ድጋፍ ካለው አፈ ጉባኤው ሊያስቀረው አይችልም። የኮንግረስ ፓርቲው ጋውራቭ ጎጎይ አቀረቡት፣ አፈ ጉባኤ ኦም ቢርላ ሐምሌ 26 ቀን ተቀበሉት። መንግሥት ሰፊ አብላጫ ስለነበረው ሐሳቡ እንደሚወድቅ ያቀረቡት ሰዎች ራሳቸው በግልጽ ይናገሩ ነበር። የፈለጉት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ስለ ማኒፑር በምክር ቤቱ እንዲናገሩ ነበር። ናሬንድራ ሞዲ ነሐሴ 10 ቀን ቆመው ከሁለት ሰዓት በላይ ተናገሩ፤ ተቃዋሚዎች ማኒፑር ሳይነሣ ጊዜው አለፈ ብለው በመካከሉ ጥለው ወጡ፣ ሐሳቡም በድምፅ ወደቀ።

ስለዚህ መምህር፣ «የሚያገኙት ነገር አለ?» ላሉት የእኔ መልስ «አዎ» ነው። ያገኙት ግን ከፈለጉት በጣም ያነሰ ነበር። ሰው እየሞተ ሳለ ከመክፈቻው ቀን እስከዚያ ንግግር ድረስ ሦስት ሳምንት መፍጀቱ እስከ አሁን ያሳዝነኛል። አነስተኛው መሣሪያ ስለ ተነፈጋቸው ትልቁን መሣሪያ ለማንሣት ተገደዱ። አንድን መንግሥት የማውረድ ሐሳብ ለማነጋገር ብቻ ሲውል የሐሳቡ ክብደት ይቀንሳል ብዬም እሰጋለሁ።

ጠያቂው በድጋሚ
*የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ደሴ*

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። «ወለል እንጂ ጣሪያ አይደለም» የሚለውን ነገ ጥቁር ሰሌዳ ላይ እጽፈዋለሁ። ሁለት ነገር ግን ይቀረኛል። አንደኛ፣ ቁጥሩ ዝቅ ካለ ተቃዋሚዎች በየቀኑ አስቸኳይ እያሉ የምክር ቤቱን ሥራ ሊያስተጓጉሉ አይችሉም? ሁለተኛ፣ እንደ አቶ ግርማ ሰይፉ ብቻውን የገባ አባልስ? አሥርም ሆነ አርባ ቢባል ለእርሱ ልዩነት የለውም።

መልስ 4
*የለንደን ነዋሪ*

በመጀመሪያ የሕግ ባለሙያው ያረሙኝ በትክክል ነው። ሌትዊን ከገዢው ፓርቲ እንደነበሩ መጥቀስ ነበረብኝ።

ስለ ማስተጓጎል፦ በእንግሊዝ አሠራር መከላከያው የሚገኘው በሦስት ቦታ ላይ ነው። አፈ ጉባኤው መጀመሪያ በጽሑፍ ያጣራል፣ ንግግሩ ከሦስት ደቂቃ አያልፍም፣ ጉዳዩም የተወሰነና በእርግጥም አስቸኳይ መሆን አለበት። አብዛኛው ማመልከቻ እዚያው ይቀራል። ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን አፈ ጉባኤው የሚታመን ሲሆን ነው። በእንግሊዝ አፈ ጉባኤ ሆኖ የተመረጠ ሰው ከፓርቲው አባልነት ይለቅቃል፤ በሚቀጥለው ምርጫ ሲወዳደርም ትልልቆቹ ፓርቲዎች በልማድ ተፎካካሪ አያቀርቡበትም። ስለዚህ ወንበሩን ለመጠበቅ የፓርቲውን መሪ ማስደሰት አያስፈልገውም። ስለ ሕንድ የጻፉልን ወገን ያሳዩን ችግር ከዚህ ጋር የተያያዘ ይመስለኛል።

ብቻውን ስለ ገባ አባል፦ ለእርሱ የሚጠቅመው መሣሪያ ከውሳኔ ሐሳቡ ይልቅ አስቸኳይ ጥያቄ ነው። ደጋፊ አይፈልግም፤ ጉዳዩ ከባድ ይሁን እንጂ የጠያቂው ፓርቲ ትልቅነት አይመዘንም። ካሮላይን ሉካስ ከ2010 እስከ 2024 እ.ኤ.አ. የአረንጓዴ ፓርቲ ብቸኛ አባል ሆነው ሲቀመጡ አንድ መቶ ወንበር ካለው ፓርቲ አባል እኩል የማመልከት መብት ነበራቸው። ለአገራችን አንድ ነገር ምረጥ ብባል ከአስቸኳይ ክርክር በፊት ይህን እመርጣለሁ። ሚኒስትር በዕለቱ መጥቶ መልስ የሚሰጥበት ሥርዓት ለአንድ ሰውም ይሠራል። የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 55 ንዑስ አንቀጽ 17 ምክር ቤቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩንና ሌሎች የፌዴራል ባለሥልጣናትን ለጥያቄ የመጥራት ሥልጣን ስለሰጠው መሠረቱ አለ።

መልስ 5
*ከነታንያ*

መምህር፣ በእስራኤል የምንኖር ቤተ እስራኤላውያንም ይህን ነገር በራሳችን ጉዳይ ስላየነው ጥቂት ልጨምር። በክኔሴት፣ ማለትም በእስራኤል ምክር ቤት፣ ያለው መንገድ ለአጀንዳ የሚቀርብ አስቸኳይ ሐሳብ ይባላል። አስቸኳይነቱን የሚያጸድቁት አፈ ጉባኤውና ምክትሎቹ ናቸው። አባሉ በአጭሩ ያስረዳል፣ ሚኒስትር ይመልስለታል፣ ከዚያ ጉዳዩ በሙሉ ጉባኤ ይታይ ወይም ወደ ኮሚቴ ይመራ ወይም ከአጀንዳ ይውጣ ተብሎ ድምፅ ይሰጥበታል። ወደ ኮሚቴ መምራት የጉዳዩ ማለቂያ እንደሆነ የሚያስቡ አሉ። እኔ ግን አልስማማም፤ ኮሚቴው ባለሥልጣን ይጠራል፣ የተጎዱ ሰዎችም ገብተው ይናገራሉ። ከዚህም በላይ ከ120 አባላት 40 ከፈረሙ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መጥቶ እንዲያዳምጥ ይገደዳል፤ ይህ ቢበዛ በወር አንድ ጊዜ ነው። ክኔሴት በእረፍት ላይ ሳለም 25 አባላት ጉባኤው እንዲጠራ ማድረግ ይችላሉ።

ነገር ግን የሕግ ባለሙያው ስለ ሌትዊን ያሉትን የሚያጠናክር ነገር ታዝቤአለሁ። በኅዳር 2015 እ.ኤ.አ. መንግሥት በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚጠብቁ ዘጠኝ ሺህ ያህል ወገኖቻችንን ለማምጣት ወሰነ፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ በበጀት ምክንያት አፈጻጸሙ ቆመ። ነገሩን ያንቀሳቀሱት የገዢው የሊኩድ ፓርቲ አባላት አብርሃም ንጉሤና ዴቪድ አምሳለም ነበሩ። ጥምር መንግሥቱ 61 ወንበር ብቻ ስለነበረው ሁለቱ «ከእናንተ ጋር ድምፅ አንሰጥም» ሲሉ መንግሥት በምክር ቤቱ ድምፅ መሸነፍ ጀመረ፣ በሚያዝያ 2016ም ስምምነት ተደረሰ። እህት ወንድሞቻችን በመጠባበቂያ ሆነው ስንት ዓመት ሲያለቅሱ የተቃዋሚዎች አስቸኳይ ሐሳብ ጉዳዩ እንዳይረሳ አድርጓል፤ በሩን ያስከፈተው ግን የሁለት ሰዎች ድምፅ ነው። ለተማሪዎቹ ሁለቱንም ንገሯቸው፤ አንዱ ያለ ሌላው ሙሉ አይሆንም ብዬ አምናለሁ።

ጠያቂው በድጋሚ
*የዜግነት ትምህርት መምህር፣ ደሴ*

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በዚህ ሳምንት ክፍሉን በሁለት ከፍዬ አንዱን ወገን ደንብ አርቃቂ፣ ሌላውን ወገን አምስት ወንበር ያለው ፓርቲ አደርጋለሁ። አርቃቂዎቹ ለአስቸኳይ ውይይት ስንት ደጋፊ እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚፈቅድና ሲከለከል ምክንያቱ ይነገር አይነገር እንዲወስኑ፣ አምስቱ ደግሞ በተጻፈው ደንብ ውስጥ ገብተው ጉዳያቸውን በሦስት ደቂቃ እንዲያቀርቡ አስቤአለሁ። የሕግ ባለሙያው ፈቃድዎ ከሆነ፣ ልጆቹ የጻፉት ደንብ ከአንቀጽ 55ና 59 ጋር ይጣጣም እንደሆነ ቢመለከቱልኝ እዚሁ አቀርበዋለሁ።

መልስ 6
*የሕግ ባለሙያ፣ አዲስ አበባ*

በደስታ እመለከተዋለሁ። ሲጽፉ ግን አንድ ነገር እንዳይረሱ ያሳስቧቸው፦ ማመልከቻው ከቀረበ በኋላ መልሱ በስንት ሰዓት ውስጥ መሰጠት እንዳለበት ደንቡ በቁጥር ይናገር። ጊዜ ያልተወሰነለት ማመልከቻ በይፋ ሳይከለከል ጉዳዩ እስኪያልፍ ሊቀመጥ ይችላል፤ እንዲህ ያለውን ክልከላ ደግሞ ይግባኝ የሚልበት ሰው አያገኝም።